ጥርስ ያልነካቸው ቆቆች

ቡሬ፣ የካቲት 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

…ውሻው አፉን ሲከፍት ቆቋ መሬት ላይ ቆመች፤ ክንፏን አንዴ አራገፈች፤ ከዚያ እንደ ቤተኛ ከአልጋው ሥር ገባች። እኔ ይህን አላየሁም። እንዲህ መሆን አለበት ብዬ እያሰብሁ ሳለ ብዕር አነሣሁ፤ ሰላምታውንም ዘለልሁት።

ይቅር ይበሉኝ ጋሼ አድማሴ። እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ሀብትነሽና ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ባለቤቴ፣ ወንድምዎ ክንፈሚካኤል፣ የጠፋ ዕለት ውሻው እንዴት ብቻውን ተመለሰ ብለው ለጠየቁኝ፣ የማውቀው ገደፋው የነገረኝን ብቻ ነው። ገደፋው የልብ ጓደኛው ነው፤ ያለ እሱ አደን ወጥቶ አያውቅም። ጾሙ ሳይገባ የመጨረሻ ቆቅ እንብላ ብለው ከሽንዲ በታች ወዳለው ተረተር ወረዱ። ወንድምዎ ተኮሰ። አንዲት ቆቅ ክንፏን ተመትታ ጢሻ ውስጥ ወደቀች፤ እርስዎ ከአዲስ አበባ የላኩለት ውሻ፣ ሮልፍ፣ ተከትሏት ገባ። ውሻው ሲዘገይበት ወንድምዎም ገባ። ገደፋው ከማሳው ዳር ቆሞ ጠበቀ። ሮልፍ ቆቋን በአፉ ይዞ ወጣ። ወንድምዎ አልወጣም።

የሽንዲ ሰው ተጠርቶ ጢሻውን ጎን ለጎን ተሰልፎ አሰሰው። ደም የለም፣ ጫማ የለም፣ ጠመንጃውም የለም። ጢሻው ትንሽ ነው ይላሉ፤ በዚህ ዳር ሆኖ በዚያ ዳር ሰው ሲያስል ይሰማል። ትልቅ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አሁን ስለ ውሻው። እርስዎ ከተማ ከገቡ ብዙ ጊዜ ሆኖዎታልና ረስተውት እንደሆነ፣ የእኛ አገር ቆቅ አዳኝ ከተኮሰ በኋላ የሚሮጠው ነፍሷ ሳትወጣ ደርሶ ባርኮ ለማረድ ነው። ከቀደመችው በክት ናት፤ ለአሞራ ትጣላለች። ሮልፍ ከመጣ ወዲህ መሮጥ ቀረ። እንደ እንቁላል በአፉ ይዞ፣ በሕይወቷ ያመጣታል። የንስሐ አባታችን ቄስ ወልደ ሥላሴ መጀመሪያ ውሻ የያዘው አይበላም ብለው ከልክለው ነበር። ወንድምዎ አንዷን ይዞ ሄደና ላባዋን እየገለጠ አሳያቸው። በጣታቸው ዳበሷት፤ ጥርስ ካልነካትስ ትባረክ አሉ። ገደፋው ግን “የውሻው አፍ ለስልሶ አይደለም፤ ያንተ ጥይት ነው የማይነካ” እያለ ይተርበው ነበር።

አሁንም ያመጣል ጋሼ። ሲነጋጋ ይወጣል፣ ፀሐይ ሳትጠነክር ይመለሳል። የተኮሰ የለም። ቆቋን ይዞ በአጠገቤ ያልፋል፣ ቀና ብሎም አያየኝ፣ እልፍኝ ይገባል፣ ባዶ አፉን ይወጣል። ስገባ ቆቋ አለች። ላባዋን ገልጬ አያለሁ። የጥርስ ምልክት የለባትም። የጥይትም የለባትም።

ሴት አታርድም። ጾምም ነው፤ ጾም ባይሆንም በቤቱ የሚያርድ ወንድ የለም። ቅርጫት ደፍቼባቸው ዳጉሳ እሰጣቸዋለሁ። እየበዙ ነው።

ወንድምዎ አንድ ጊዜ፣ ይህ ውሻ ካልታዘዘ አይሄድም ብሎኝ ነበር። እውነት ነው? ውሻውን የሰጠዎትን ፈረንጅ ይጠይቁልኝ።

እህትዎ ገላነሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 25 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለገላነሽ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደኅና ነን። መልሱ መዘግየቱ ከስንፍና አይደለም። ጽፌ ቀደድሁ፣ እንደገና ጻፍሁ።

የጠየቅሽኝን ጠይቄያለሁ። ውሻውን የሰጠኝ ስዊድናዊ መሐንዲስ አገሩ ከገባ ቆይቷል፤ አብሮት ጉድጓድ ያስቆፍር የነበረው ባልደረባው ግን እዚሁ አለ። ከቢሮ አስፈቅጄ ሄድሁ። የጻፍሽልኝን አልነገርሁትም፤ ውሻው ወንድሜ ዘንድ ደኅና ያድናል ብቻ አልሁት። ደስ አለው። እንዲህ ያለው ውሻ፣ አለኝ፣ ካልተላከ አይሄድም። ያመጣውንም ለላከው ሰው እጅ እንጂ ለሌላ አይሰጥም። ክንፌ ያስተማረው “ስጠኝ” የሚለውን ቃል አይደለም? ያ ቃል ካልተባለ አፉን አይከፍትም፤ ቢደበደብም አይከፍትም።

እንዳልጽፍልሽ አስቤ ነበር።

እንግዲህ ተረጋግተን እናስብ። ውሻ እንስሳ ነው፣ ልማድ ይይዘዋል። ጌታው የሄደበትን ይሄዳል፣ ጌታው ይተኛበት የነበረውን ክፍል ይገባል። ፈረንጁ የሚያውቀው የፈረንጅ አገር ውሻ ነው፤ ቡሬ ከርሞ የተለወጠ እንደሆነ ምን ያውቃል? እሰሪው። በጠፍር እሰሪውና ይቅር። ቆቆቹንም ልቀቂያቸው፤ ወደ ዱራቸው ይሂዱ።

ስለ እናታችን በሰው አስጠይቀሽኛል። ፍኖተ ሰላም ያለችው እናታችን እስካሁን ምንም አልሰማችም። ክንፌን የሚሠራበት ጤና ጣቢያ ለድሬሰሮች፣ ለቁስል አካሚዎቹ፣ ሥልጠና ባሕር ዳር ልኮት ነው ተብሎ እንዲነገራት አድርጌያለሁ። ከቡሬ የሚያልፍ ዘመድ ሁሉ እንዲህ እንዲል ለምኛለሁ። ዓይኗ እየደከመ ነው፣ ልቧም እንዲሁ። ስንነግራት አንድ ጊዜ፣ በሥርዓቱ፣ አልቃሽ ባለበት ይሁን።

ይህን ካነሣሁ ያልጠየቅሽኝንም ልበል። ቄስ ወልደ ሥላሴ ጽፈውልኛል። ሬሳ ባይገኝም በጠፋ ሰው ስም ፍትሐት ይደረጋል፣ ከፋሲካ በኋላም ተዝካሩ ይወጣል ይላሉ። የበኩር ወንድም ነኝና ቃሌን ይጠብቃሉ። አንቺ ግን እርምሽን ሳታወጪ እኔ ቃል አልሰጥም።

ወንድምሽ አድማሴ


ቡሬ፣ መጋቢት 9 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አድማሴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ቀድደው ቢቀሩ ይሻል ነበር ብዬ አላዝንብዎትም፤ ውሻው ምን እንደሆነ ከእርስዎ መስማቴ ይሻላል።

እንዳዘዙኝ አድርጌያለሁ። ሮልፍን ከጓሮ ካለው ዋንዛ ሥር በጠፍር አሰርሁት። ሲታሰር አልታገለኝም፤ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ጠዋት ከእልፍኝ የቆቅ ድምፅ ሰማሁ። ጓሮ ስወጣ ሮልፍ እንደታሰረ ተጋድሟል፣ ከንፈሩ ላይ ትንሽ ላባ አለ። ጠፍሩ አልተበጠሰም፣ አልተነከሰም። ቋጠሮው ግን የእኔ አይደለም። እኔ ያሰርሁት ጥጃ እንደሚታሰር ነበር። ያገኘሁት ወንድምዎ በቅሎ የሚያስርበትን ቋጠሮ ነው።

ሰው ይሆናል ብለው ያስባሉ፤ እኔም አስቤያለሁ። ገደፋውም በቅሎ እንዲያ አድርጎ ነው የሚያስር። አስጠራሁት። መጣ፤ አልቀመጥም አለ፣ ጀርባውን ለእልፍኙ ሰጥቶ ቆመ። አንተ ነህ ወይ አልሁት። ምኑን አለኝ። ቅርጫቶቹን አሳየሁት። ድሮ ቢሆን ቀልድ አይጠፋውም ነበር፤ አሁን ፊቱን አበሰ። ከዚያ ለእርስዎም፣ ለፖሊስም ያልተናገረውን ነገረኝ። ቃሉን እንዳለ ልጻፈው።

“ገላ፣ እዚያ ጢሻ ውስጥ ድምፁን ሰምቻለሁ። ‘ስጠኝ’ ሲል ሰማሁት። ውሻው ግን ያኔ ወጥቶ ከእግሬ ሥር ቆሞ ነበር፤ ቆቋም በአፉ ነበረች።”

ታዲያ ለምን አልገባህም አልሁት። ጠራ እንጂ እኔን አልጠራም አለ። ይህን ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በቤቴ በኩል አያልፍም፤ በላይኛው መንገድ ዞሮ ነው የሚሄድ።

ቆቆቹን ልቀቂ ላሉኝ፣ ቅርጫቱን ሁሉ አነሣሁ፣ በሩንም ከፈትሁ። አልወጡም። እስከ ደፉ ይደርሱና ይመለሳሉ። የቆቅን ጠባይ እርስዎም ያውቁታል፤ ሰው ሲያይ እንደ ድንጋይ ይወረወራል እንጂ እግር ሥር አይመላለስም። እነዚህ ስፈጭ ከወፍጮው አጠገብ ይቀመጣሉ። በገበያ “ገላነሽ ባሏን በቆቅ ለወጠችው” ይባላል አሉ። ወሬውን ያመጣችልኝ ጎረቤቴ አስካለ ናት፤ እያዘነችልኝ አስመስላ ከበሩ ወደ ውስጥ ስትቆጥራቸው አየኋት።

ስለ ፍትሐቱ የጻፉትን አየሁ። ሞቷል ብለው አይጻፉ ጋሼ። ማንም ላልላከው ውሻ ይህ ሁሉ ድካም ምኑ ነው?

እህትዎ ገላነሽ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለገላነሽ፣

አይ፣ በሰው እንዳስጠየቅሽኝ አልታመምሁም። ያለፈው ሳምንት ቢሮ አለመገኘቴን ማን እንደነገረሽ አላውቅም። እንቅልፍ ነው ያጣሁት፤ ሀብትነሽ ጠበል ሂድ ትላለች።

ስለ ገደፋው የጻፍሽው አላማረኝም። የሰማውን ያን ዕለት ያልተናገረ ሰው ሌላም ያልተናገረው ይኖረዋል። ቋጠሮውንም ያውቃል። ቆቅ በወጥመድ ከነነፍሷ መያዝም ያውቃል፤ በልጅነቱ የሚኖረው በዚያ ነበር። ሰው የሚያስጨንቀው ነገር ሲኖር እየመጣ በር ላይ የሚያስቀምጠው ነገር አያጣም። ይህን የምልሽ እንድትጣዪው አይደለም። ሌላ መልስ እንዳለ እንድታውቂ ነው። እኔም ማታ ማታ ይህንኑ ለራሴ እላለሁ፤ ጥቂት ይሠራል።

ክንፌ ከማንም ተቀይሞ ነበር ወይ ብለሽ በዚያው ሰው ላስጠየቅሽኝ፣ እኔ አላውቅም። የማውቀው ልጅ ሳለ ዶሮ ሲታረድ ማየት አይችልም ነበር። አባታችን ካረፉ በኋላ ለቤቱ የማርደው እኔ ነበርሁ፤ እሱ ጆሮውን ይዞ ከደጅ ይቆማል። ካገባችሁ በኋላ ቡሬ መጥቼ ሳለ ግን ቆቅ ሲባርክ አየሁት። ደኅና አድርጎ ያዛት። “በስመ አብ ወወልድ” የሚለውን ብቻ ከልክ በላይ አረዘመው፤ መጨረስ የፈራ ይመስል ነበር። ለምን እንዲህ ታረዝማለህ አልሁት። ቤት የያዘ ሰው ማረድ አለበት፣ አለኝ፤ አለዚያ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ለፋሲካ እመጣለሁ። ቅዳሜ ቡሬ እገባና በወንድሜ ቤት የፋሲካውን እኔ አርዳለሁ። በዶሮ ፈንታ ከነዚያ ቆቆች አንዷን አርዳለሁ። ቄሱም ይህን ካዩ ነገሩ አለቀ ይላሉ። ከዚያ እናታችንን እንነግራለን፣ ተዝካሩም ይያዛል፣ አንቺም እርምሽን ታወጫለሽ። ሰው ባዶ እልፍኝ ሲጠብቅ አይኖርም።

ወንድምሽ አድማሴ


ቡሬ፣ መጋቢት 27 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አድማሴ፣

ማቅ ለብሻለሁ ወይ ብለው በላኩት ሰው አስጠይቀውኛል። አልለበስሁም። ፀጉሬንም አልተላጨሁም። እሱ ሲመጣ ማቅ ለብሼ ቢያገኘኝ ምን እለዋለሁ?

መምጣትዎን አልከለክልም፤ ቤቱ የወንድምዎ ነው፣ እርስዎም ታላቁ ነዎት። ቢላ ይዘው ግን አይምጡ። ለምኜዎታለሁ። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ሥርዓቱን አውቃለሁ። በዚህ ቤት ሌላ ወንድ ቆሞ ካረደ ባለቤቱ የለም ማለት ነው። ይህንን ቄሱ ብቻ አይደሉም የሚያዩት። እሱም ያያል። እሱ ባይኖር እንኳ ውሻውን የላከው ያያል።

ገደፋውን አልጠረጥርም። በላይኛው መንገድ ሲያልፍ አይቼዋለሁ፤ ሰው ለሸሸው ቤት ቆቅ አይወስድም። ባለፈው ሰኞ ጠርቼው ነበር፤ ከሩቅ ቆሞ “ውሻውን አትምቺው” ብቻ አለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሮልፍ ሆሳዕና ከዋለ ወዲህ አይወጣም። እልፍኙ በር ላይ ይተኛል። ምግብ ከእጄ ይቀበላል፤ አፉን ሲከፍት ግን ወደ ኋላው ያያል። የሚጠብቀው ትእዛዝ ያለ ይመስለኛል። ማደን አልቋል፣ አሁን ቀሪው ማረድ ብቻ ነው የተባለ ይመስለኛል። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

እልፍኙን ለምን አትቆልፊውም ብለው በላኩት ሰው ላስጠየቁኝ፣ ቁልፉ ከወንድምዎ ኪስ ነው።

እህትዎ ገላነሽ


ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለገላነሽ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ቅዳሜ ይህን ሳልልሽ ነው የወጣሁት። ተቀይሞ ነው ወይ ብለሽ፣ ከላይኛው መንገድ ጠርተሽ፣ በገደፋው ልከሽብኛል። አልተቀየምሁም። ያየሁትን ልጻፍልሽ፤ አንቺ ያየሽው ሌላ ከሆነ ንገሪኝ፤ ሌላ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ቢላውን ይዤ ነው የመጣሁት። ላታልልሽ አልነበረም። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ከሻንጣዬ አላወጣውም እያልሁ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጉልበቴ ላይ ነበር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ስገባ አየሽው። እጄን አስታጠብሽኝ። ከመንገድ ስለመጣሁ እንደሆነ አሰብሁ፤ አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ቆቆቹ በቤቱ ይመላለሱ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጽፈሽልኝም አላመንሁም ነበር። አንዷን ጎንበስ ብዬ አነሣኋት፤ አልሸሸችኝም። ላባዋን ገለጥሁ፤ እንዳልሽው ነው። ያስደነገጠኝ ግን ልቧ ነው። ደረቷ ላይ ጣቴን አደረግሁ። በእጅ የተያዘች ወፍ ልቧ እንዴት እንደሚመታ ታውቂያለሽ። የዚች ቀስ ብሎ ነበር የሚመታ፣ እንደተኛ ሰው።

ወደ ምሥራቅ ዞሬ ክንፎቿን በእግሬ ያዝሁ። “በስመ አብ ወወልድ” አልሁ። ቀኑ ገና ነበር፣ ፀሐይ እስከ ቤቱ መካከል ገብታለች፣ ከደጅ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ አስካለ ልጆቿን ስትቆጣ ሰማሁ። ቀጥሎ ያለውን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስለው ኖሬያለሁ። አጣሁት። ረሳሁት አልልሽም። ሌላ ሰው እየጨረሰው ስለሆነ እንድጠብቅ የተነገረኝ መሰለኝ።

ሮልፍ ከእልፍኙ በር ተነሣ። ወደ እኔ መጣ፤ አላጉረመረመም። አፍንጫውን ከጫማዬ ሥር አስገብቶ እግሬን አነሣው፣ ቆቋን በአፉ ወሰዳት፣ ወደ እልፍኝ ገባ። ድምፅ ሰማሁ ብዬ ለማንም አልምልም። “ስጠኝ” የሚል አልሰማሁም። የሰማሁት አፉ ሲከፈት ነው። የውሻ አፍ ሲከፈት ድምፅ አለው?

አንቺ ከወፍጮው አጠገብ ተነሣሽ። ነጠላሽን አስተካከልሽ፤ ትልቅ ሰው ሲገባ እንደምትነሺው ነበር የተነሣሽ። እጅሽን ዘረጋሽልኝ፤ ቢላውን ሰጠሁሽ። ለምን እንደሰጠሁሽ አላውቅም። ከመደርደሪያው ሳህን አወረድሽ።

“ትንሽ ይቆዩ ጋሼ። ይታረድና ለመፈሰኪያ ይደርሳል” አልሽኝ።

ማን ያርደዋል ብዬ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር። የጠየቅሁሽ ሌላ ነው፤ እኔም ልግባ ወይ አልሁሽ። “እርስዎን አልጠሩም” አልሽኝ። በትሕትና ነው ያልሽኝ፤ እንዳላዝን ፈገግም ብለሽ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ያህል ሰዓት እንደቆምሁ አላውቅም። ነፍሴን ያወቅሁት ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ነው። እናታችን ዛሬ ጠዋት ፊቴን በእጇ ዳበሰችና ክንፌ እንዴት ነው አለችኝ። ደኅና ነው አልኋት። ስዋሽ ራሴን አውቃለሁ፤ ይህን ስላት ግን ውሸት ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

ቄስ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ሰው ልከውብኛል። ተዝካሩ ይያዝ ወይስ ይቅር፣ የበኩር ወንድም ቃሉን ይስጥ ይላሉ። መልእክተኛው ከግቢው ተቀምጦ መልስ ይጠብቃል፤ ይህን የምጽፈውም እሱ እየጠበቀኝ ነው። ሞቷል ብዬ ልላክ? በሕይወት አለ ብዬ ልላክ? ለቄስ እንዲህ ያለ ነገር ካየ ሰው በቀር ማንም መመስከር አይችልም፤ ያየሁት ደግሞ ይህን ብቻ ነው። በአንድ እጅሽ ቢላውን፣ በሌላው እጅሽ ሳህኑን ይዘሽ እልፍኝ ገባሽ። ዞር አላልሽም። ውሻው ወጣ፣ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠ። በሩም ከኋላሽ፣ ቀስ ብሎ፣ ተዘጋ።